በካውቦይ ፊልሞች የታወቁት የአቶ ቨርጅል ስትራውድ ሕይወትና ፍርሃት

አቶ ቨርጅል ስትራውድ ከአባታቸው ከአቶ ኤሞስ ስትራውድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሄስተር ፕላም፣ በኔብራስካ አሸዋማ ኮረብቶች መካከል በምትገኝ የከብት እርባታ፣ መጋቢት 3 ቀን 1906 እ.ኤ.አ. ተወለዱ። በአካባቢው በነበረችው ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳሉ አባታቸው ከፈረስ ወደቁ፤ እግራቸው እርካቡ ውስጥ እንደተቀረቀረ፣ ልጃቸው ዓይኑ እያየ፣ መሬት ለመሬት ተጎትተው ሞቱ። ከዚያ ወዲህ አቶ ቨርጅል የፈረስ ኮቴ በሰሙ ቁጥር ላብ ያጠምቃቸው ነበር። ይህን ከቤተሰብ ውጭ የሚያውቅ እምብዛም ስላልነበረ፣ ዛሬ እዚህ ከተሰበሰባችሁት ብዙዎቻችሁ ትገረሙ ይሆናል።

በ1927 ወደ ካሊፎርኒያ ሄደው በአንድ የፊልም ኩባንያ አናጢ ሆኑ። ከአራት ዓመት በኋላ መልካቸውን የወደደ ዳይሬክተር "ፈረስ ትጋልባለህ?" ሲላቸው፣ ሥራ የጠፋበት ዘመን ነበርና "ኮርቻ ላይ ነው ያደግሁት" አሉ። በማግስቱ ልጓሙን ሲይዙ ላብ እንዳጠመቃቸው ያዩት የፈረሶቹ ኃላፊ አቶ ሎይድ ታርቨር ብቻ ነበሩ።

"አንተ ሰውዬ፣ እኛን ብታታልል ፈረሱን አታታልለውም" አሏቸው። "ለማንም አልናገርም። ግልቢያውን ለኔ ተወው።"

ከዚያ በኋላ ለስምንት ዓመታት በቅርብ የሚታየው ፊት የአቶ ቨርጅል፣ ከሩቅ የሚጋልበው ጀርባ የአቶ ሎይድ ሆነ። በዚሁ መካከል፣ በ1934፣ አቶ ቨርጅል ከወይዘሮ ሌኖራ ቢክስቢ ጋር ትዳር መሥርተው ሩትንና ዴላን ወለዱ።

በ1939 አሪዞና ውስጥ በፈረስ ቁልቁለት የሚወረድበት ትዕይንት መጣ። ዳይሬክተሩ የአቶ ቨርጅል ፊት እንዲታይ ስለፈለገ ራሳቸው እንዲወርዱ አዘዘ። አቶ ቨርጅል አፋፉ ላይ ሆነው ወደ ታች ሲያዩ ፈረሱን ወደፊት መንዳት አቃታቸው። አቶ ሎይድ ጠጋ ብለው "ና ከፈረሱ ውረድ። ባርኔጣህን ስጠኝ፤ በዚህ አቧራ ማን ማንን ይለያል?" አሏቸው። ሰጧቸው። ፈረሱ ጥቂት እንደወረደ አፈሩ ከሥሩ ተናደ። አቶ ሎይድ ሐኪም ዘንድ ሳይደርሱ አረፉ።

ኩባንያው ሌላ ምትክ ጋላቢ ሲያመጣ አቶ ቨርጅል እምቢ አሉ።

"ሁለት ሕፃናት አሉህ! ብትሞትስ?" አሏቸው ወይዘሮ ሌኖራ።

"እሱንማ እፈራለሁ። ግን በኔ ባርኔጣ ሌላ ሰው አይሞትም።"

"እንግዲያው ፊልሙን ተወው!"

"ብተወው የሎይድን ሚስትና ልጆች ማን ያበላቸዋል?"

ለአሥራ ዘጠኝ ዓመታት ሁሉንም ራሳቸው ጋለቡ። ፍርሃቱ አንድም ቀን አልለቀቃቸውም። ቀረጻ ባለ ጠዋት ቁርስ አይቀምሱም፤ ከጭነት መኪናው ጀርባ ሄደው ያስታውካሉ፣ አፋቸውን ይጉመጠመጣሉ፣ ከዚያ ፈረሱ ላይ ይወጣሉ። የፊልም ማስታወቂያው "ፍርሃት የማያውቀው" ይላቸው ነበር። ቤት ውስጥ ደግሞ ስልክ በጮኸ ቁጥር ሁሉም ባለበት ይደርቃል፤ ወይዘሮ ሌኖራ ልጆቹ እንዲያነሱት አይፈቅዱም ነበር። የተፈራው ወሬ፣ ከፈረስ የመውደቃቸው ዜና፣ ሁለት ጊዜ መጣ። ዳሌያቸው በተሰበረ ጊዜ ትንሿ ዴላ አልጋቸው አጠገብ ቆማ "አባባ፣ ፈረሱን ጠላኸው?" ስትላቸው፣ "አይ ልጄ፣ እሱም እኮ እኔን ይፈራኛል" አሏት።

በ1958፣ የአቶ ሎይድ የመጨረሻ ልጅ ትምህርቷን ስትጨርስ፣ ፊልም አቆሙ። ሎሚ እየተከሉ ኖሩ። ባለቤታቸውን በ1966 በሞት አጡ።

ሳንባቸውን ታመው ከቆዩ በኋላ ጥቅምት 9 ቀን 1971 ከሰዓት በኋላ የሩትን እጅ ያዙና "ፈራሁ" አሏት። ይህን ቃል ለልጆቻቸው ተናግረው አያውቁም ነበር።

"እኔም ፈርቻለሁ አባባ። ግን አለሁ፣ አልሄድም" አለቻቸው። እጇን ሳይለቁ አረፉ።

አቶ ቨርጅል የሁለት ሴት ልጆች አባትና የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። የአቶ ሎይድ ባለቤት ወይዘሮ ኦፓል ታርቨርና ሦስቱ ልጆቻቸውም ዛሬ ከቤተሰቡ ጋር በፊተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል።

እግዚአብሔር እጃቸውን ይያዝ፤ ነፍሳቸውንም ምንም በማያስፈራበት ስፍራ ያሳርፍ። አሜን።