ፌንጣ ምስጢር መያዝ ስትለምድ

ሰኞ፣ ጥቅምት 7

ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ። የአንድ ካፖርት ገበር ቀየርኩ። ከሰዓት ብስኩት… አንድ። ለራሴ ደብተር ምን ያስዋሸኛል? ሦስት። የልጅ ልጄ ፌንጣ መቁረጫው ጠረጴዛ ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ «ምስጢር ነው፣ እሺ?» አልኳት። «እሺ!» አለች፣ ደስ ብሏት።

እናቷ ከሥራ ገባች። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ፌንጣ፦ «እማዬ፣ ምስጢር አለን! አባባ ሦስት ብስኩት በላ!» ሦስት ጣቷን አወጣች። ሦስት ዓመት ከስምንት ወሯ ነው። እንዲህ አስተካክላ መቁጠር መቻሏን ያወቅኩት ዛሬ ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 9

ልጄ ነርስ ናት። ከነርስ ጋር መኖር… ጣቴን ወግታ ስኳሬን ለካች። ቁጥሩን ሁለቴ አየችው።

«አባዬ፣ እኔ ሥራ ላይ ሆኜ ተዝለፍልፈህ ብትወድቅ ልጅቷ ከማን ጋር ናት?»

የሕፃናት መዋያ ቅጽ አምጥታ ሞላችው። የቀረው ፊርማ ብቻ ነው። መስተዋቱ ላይ ለጠፈችው። «አንድ ፍርፋሪ ባገኝ እፈርማለሁ።»

ፈራሁ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ይሄን ቤት ቤት ያደረገችው ፌንጣ ናት። በማግኔት መርፌ የምትለቅምልኝ ማን ናት? ብስኩት መተው ይቻላል። አስቤበትም ነበር… ትንሽ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 12

ደንበኛዬ የሆነች የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ዚፕ ልታስቀይር መጣች። «አንድ ጓደኛዬ የልጅ ልጁ ምስጢር አትይዝለትም» አልኳት። ከንፈሬ ላይ ያለውን ፍርፋሪ እያየች ሳቀች።

«ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜ ልጅ እሱ የሚያውቀውን ነገር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው የሚመስለው። ታዲያ ምኑን ይደብቃል? አራት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ነው የሚገባቸው። የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ሌላ ነገር ከተው ይሞክሯት… ማለቴ፣ ጓደኛዎ ይሞክሯት።»

ሞከርኳት። ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የሸሚዝ ቁልፎች ጨመርኩ።

«ውስጡ ምን አለ?» «ብስኩት!» ከፈተች። ተኮሳተረች። መልሼ ዘጋሁት።

«እማዬ ስትመጣ፣ ሳትከፍተው፣ ምን አለ ትላለች?»

«ቁልፍ!»

«አላየችም እኮ?»

«ቁልፍ ነዋ!»

«አንቺስ ቅድም ምን መስሎሽ ነበር?»

«ቁልፍ!»

ዐይኗን በጨው አጥባ! ግን ውሸቷን አልነበረም… ከልቧ ነው። ገረመኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 20

አሁን ብስኩቱን የምበላው ልብስ መለኪያው መጋረጃ ጀርባ ነው። ዛሬ እናቷ ገና በሩን ስትከፍት፣ ማንም ሳይጠይቃት፦ «አባባ መጋረጃው ጋ ብስኩት አልበላም!»

የመጀመሪያ ውሸቷ። ለእኔ ብላ። ልጄ መጋረጃውን ገለጠች… ደግነቱ ጠርጌው ነበር። ቅጹን አየት አድርጋ አለፈች።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 27

ቆርቆሮውን ደገምኩላት። «እማዬ ምን አለ ትላለች?»

«ቁል…» አፏ ተከፍቶ ቀረ። ክዳኑ ላይ ያለውን የብስኩት ሥዕል አየች። እኔን አየች። ሳትመልስልኝ ሄደች። ቀኑን ሙሉ አሻንጉሊቷን ስታፋጥጥ ዋለች፦ «ምን አለ? አንቺ አላየሽም እኮ!»

ማክሰኞ፣ የካቲት 14

አራት ብስኩት። መርፌ ላይ ክር ሳስገባ ቤቱ ዞረብኝ። ማሽኑን ይዤ ወለሉ ላይ ቁጭ። ፌንጣ ውሃ አመጣች፣ ግማሹን መንገድ ላይ አፍስሳው።

«ጨዋታ ነው፣ አባባ?»

«አዎ፣ ጨዋታ ነው። ለእማዬ አንነግራትም፣ እሺ?»

አተኩራ አየችኝ።

እናቷ ገብታ «ዛሬ ምን ሠራችሁ?» ስትል ፌንጣ ቀና እንኳ አላለችም። «ቁልፍ ስንለይ ነበር» አለች። ሌላ ምንም። ከጥቅምት ጀምሮ ስጠብቀው የነበረው ይሄ አልነበር? ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አፈርኩ። ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 16

ብስኩቴን የምደብቅበትን የክር ሳጥን ከፈትኩ። ትልልቅ የካፖርት ቁልፎች! ጠረጴዛው ሥር ሳቅ ፈነዳ።

«ምን መስሎህ ነበር?»

«ቁልፍ» አልኩ፣ ላለመሸነፍ።

«ውሸታም! ብስኩት ነው የመሰለህ! ስቀይረው አላየህም እኮ!»

«ብስኩቱስ የት ሄደ?»

«አልነግርህም። እማዬም አታውቅም። እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው።»

«ለምን ደበቅሽው?»

«ከበላህ ትወድቃለህ።» ድምጿ ቀነሰ። «ጨዋታ አልነበረም እኮ።»

አራት ከሞላት ገና ሳምንቷ ነው።

ለልጄ ራሴ ነገርኳት። መጋረጃውንም፣ መውደቄንም። ተቆጣች፣ አለቀሰች፣ እንደገና ተቆጣች። ቅጹን ከመስተዋቱ ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ። «ፈርሚው» አልኳት።

ሰኞ፣ የካቲት 27

ፌንጣ እስከ ምሳ መዋያ ናት። ከሰዓት የእኔ። ስኳሬ ወርዷል። ጠዋት ቤቱ ጭር ይላል፣ ናፍቆቱ ግን አልገደለኝም።

ብስኩቱን ግን… ልበላው አይደለም፣ እልህ ነው! ማሽኑ ሥር፣ የካፖርቶቹ ኪስ፣ የአሻንጉሊቷ አልጋ… የለም። ዘዴ ዘየድኩ። ድንገት «አገኘሁት!» ስላት፣ ሳታስበው የደበቀችበትን ታያለች። በጥቅምት ቢሆን እጄን ይዛ ትወስደኝ ነበር።

ገባች። «አገኘሁት!» አልኩ።

ወደ የትም አላየችም። እኔኑ ትክ ብላ አየችኝና፣ «ካገኘኸው ስንት ብስኩት ነው?» አለች።