የተዘጋውን በር ተመልሰው ያንኳኩት እናታችን

እናታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ከከተማችን ወንዝ ማዶ ባለው ሰፈር ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው አጠናቀው በ1966 ዓ.ም. በስታቲስቲክስ ቢሮ በመጠይቅ ሰብሳቢነት ተቀጠሩ። ሳያረጋግጡ ስለማይፈርሙ ባልደረቦቻቸው “እትዬ ድገሙት” የሚል ስም አወጡላቸው። በ1971 ዓ.ም. ከቢሮው ሾፌር ከአባታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

በ1983 ዓ.ም. ተቆጣጣሪ ሳሉ፣ ከመቶ ነዋሪ ዘጠና አንዱ በቧንቧ ውሃ ረክቷል የሚል ሪፖርት ለፊርማ ቀረበላቸው። መጠይቆቹን አንድ በአንድ ሲያገላብጡ የተጠየቁት በሙሉ አስፋልት ዳር የሚኖሩ፣ በሥራ ሰዓት ቤታቸው የተገኙ ሰዎች ሆነው አገኟቸው። የተዘጋ በር ሁሉ ታልፏል። ኃላፊው አራት መቶ ሰው ከበቂ በላይ መሆኑን ነገሯቸው። እናታችንም “አራት ሺህም ቢሆን፣ ቧንቧ ደጃፉ ያለውን ብቻ ጠይቀን የከተማውን ጥም ልናውቅ አንችልም” ብለው ወረቀቱን መለሱ።

የዓመት ፈቃዳቸውን ወስደው ከመላው ከተማ ቤቶችን በዕጣ መረጡ። የተዘጋውን በር ሦስት አራት ጊዜ ተመልሰው አንኳኩ። በውሃው የረካው ከመቶ አርባ ሦስት ብቻ ሆነ። ውጤቱን ባቀረቡ በሳምንቱ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወሩ፤ ጡረታ እስኪወጡም እዚያው ቆዩ። በሁለተኛው ዓመት ቧንቧው ከአስፋልቱ ርቀው ዳገት ላይ ወዳሉት ቤቶች ተዘረጋ። ይህን የሰማነው ከአባታችን ነው፤ እናታችን ቤት ውስጥ አንስተውት አያውቁም።

አምና ታመሙ። ሐኪሙ በዚህ መድኃኒት ከመቶ ሰው ሰባው እንደሚድን አስረዱን። እናታችን “መቶዎቹ እነማን ናቸው? በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ነበረበት?” ብለው ጠየቁ። ሐኪሙ ጥናቱን ተመልክተው ከስልሳ ዓመት በላይ የሆነ ሰው እንዳልተካተተ ነገሯቸው። እናታችን አመስግነዋቸው “እንግዲያው ለእኔ አይታወቅም ማለት ነው” አሉና ሕክምናውን ለመጀመር ተስማሙ።

ሰባት ወር ታክመው ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ በተወለዱ በ70 ዓመታቸው ዐረፉ። ይህን ስጽፍ ቀኑን ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ።

ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው ከእሳቸው ተለይተን ቀርተናል። አምላክ ነፍሳቸውን ድካም በሌለበት ያኑርልን። እኛ ልጆቻቸው ገና አላለቀስንም፤ እንባው ሲመጣም ያስችለን።