«አንቺ» የተባሉት ቀኛዝማች

ሐምሌ 17፣ 2007

ጁምዓ። እረፍቴ ነው፤ ግን አሠሪዬ ማዳም አቢር የልጆቹን ጀለቢያ ሳልተኩስ መች ለቀቀችኝ። ከምሠራበት ከካርቱሙ አል-ጣኢፍ ባለ ሦስት እግር ረክሻ ይዤ ሰፈራችን ቡሪ ስደርስ የቤት ተጋሪዬ ረሺዳ አልጋችን ላይ ተጋድማ፣ እግሯን ወደ ማራገቢያው ዘርግታ… «አንብቢልን» አለች፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ። የጎረቤት ሴቶችም ተሰብስበዋል።

ያው መጽሐፍ ነው። ሽፋኑ ከተገነጠለ ቆይቷል፤ እኛ «የውድነሽ መጽሐፍ» እንለዋለን። ውድነሽ የሀብታም ልጅ፣ ታፈሰ የቴሌግራም ቤት ጸሐፊ። አባቷ ቀኛዝማች እምቢ ይላሉ። እሱ አገር ጥሎ ይሄዳል፣ እሷ በናፍቆት ከስታ መንምና ትሞታለች። ስንቴ አንብቤላቸዋለሁ፣ ስንቴ አልቅሰዋል።

ዛሬ ግን የቀኛዝማቹን ንግግር ድምፄን አጎርንኜ፣ ሆዴን ነፍቼ አነበብኩት። ረሺዳ ትራሷን ነክሳ ሳቀች። ሌሎቹም ተንከተከቱ። ይሄ ሰውዬ የሚያስቅ መሆኑን እስከ ዛሬ እንዴት አላየሁትም?

የሐበሻ ክበባችን ሊቀመንበር ጋሽ ጸጋዬ ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ትያትር የሚያዘጋጅ ሰው እየፈለጉ ነው። እኔስ?

ሐምሌ 24

ጻፍኩት። ማለት ግማሹን። እጄ ይተኩሳል፣ አፌ ያወራል። ቀኛዝማች ልጃቸውን ሊጠብቁ በመስኮት ሲወጡ ሆዳቸው ተቀርቅሮ ቀረ። ታፈሰ ከውጭ ይጎትታል፣ ውድነሽ ከውስጥ ትገፋለች፣ በዚያው ይተጫጫሉ።

ማዳም አቢር በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። «ምን ያስቅሻል ያ ናስራ?» በዓረብኛ ነገርኳት። እሷም ሳቀች። የእሷ አባትም እንደዚያ እንደነበሩ ነገረችኝ…

ልኩራ እንጂ። የራሴ ደብተር ነው፣ ማን ያየኛል።

ነሐሴ 1

ለጋሽ ጸጋዬ አነበብኩላቸው። መጽሐፉን በወጣትነታቸው አንብበው አልቅሰዋል። በደርግ ጊዜ ተሰደው ካርቱም ሲገቡም የያዙት ልብስና እሱን ብቻ ነበር።

«ሞቷስ? ውድነሽ የምትሞተው የቱ ጋ ነው?»

«አትሞትም ጋሼ።»

«ካልሞተች ምኑን ውድነሽ ሆነች?»

ረሺዳ ናት የመለሰችላቸው። «ጋሼ፣ እዚህ ሳምንቱን ሙሉ የሚያስለቅስ አይጠፋም። ለበዓል ደግሞ ለብሰን ተጫምተን ሄደን እናልቅስ?»

ብዙ ካሰቡ በኋላ እሺ አሉ። አንድ ነገር ግን… ቀኛዝማቹን የሚጫወቱት እሳቸው ናቸው። «ሳቁ ይሁን። ክብሬን ግን እንዳትነኪ» አሉ። ሆዳቸው መስኮት ላይ ተቀርቅሮ ምን ክብር አለ? አልጠየቅኩም።

ነሐሴ 3

ውድነሽን ረሺዳ ትጫወታለች፤ ታፈሰን የሚጫወት ግን ጠፋ። ወንዱ ሁሉ መንገድ ላይ አንበሳ፣ መድረክ ሲባል ጉንፋን ያዘው።

ነሐሴ 8

ተገኘ። ሙአየድ ይባላል፤ የመሪማ ልጅ። መሪማ የወሎ ሰው ናት፣ አባቱ ሱዳናዊ ነበር፣ ሞቷል። ልጁ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፤ ከወንዙ ማዶ፣ ባሕሪ ሰፈር መኪና ይጠግናል። ድልድዩ ተጨናንቆ ዘግይቶ መጣ፣ እጁ ዘይት በዘይት። አማርኛው ያነክሳል… ግን ታፈሰ ከአጥር ላይ የሚወድቅበትን ሲጫወት አየሁት። ገና አፉን ሳይከፍት ሴቶቹ በሳቅ አለቁ።

የእኔ ታፈሰ ይሄ ነው። ሌላ አልፈልግም።

ነሐሴ 15

ጉድ ሆንኩ።

ጋሽ ጸጋዬና ሙአየድ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ተለማመዱ። ታፈሰ ልጅቷን የሚጠይቅበት የሽምግልናው ቦታ። ጋሽ ጸጋዬ ካባ ደርበው፣ ከዘራ ይዘው ተቀምጠዋል። ሙአየድ እጅ ነሣ። «ቀኛዝማች፣ አንቺን አክብሬ፣ ልጅሽን ልጠይቅሽ መጣሁ» አላቸው።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ፣ አመለጠኝ።

ጋሽ ጸጋዬ ግን ካባውን አወለቁ። «ናስራ፣ አንቺ ነሽ ይሄን ያስጠናሽው? በዚህ ዕድሜዬ ሴት ልባል?» በአላህ ስም ማልኩላቸው። የጻፍኩት «አንቱን አክብሬ» ነው። መች ሰሙኝ። «ወይ ልጁ ይቀየር፣ ወይ የክበቡ አዳራሽ ይቅርባችሁ» ብለው ወጡ።

ሙአየድ መሀል ላይ ደርቆ ቀረ። «ሽኑ? ምን አጠፋሁ?» ይላል። ምን እንዳጠፋ እውነትም አልገባውም። አሳዘነኝ።

ነሐሴ 17

ልጁን ላባር? ያለ እሱ ትያትሩ ትያትር አይሆንም። ያለ አዳራሹስ የት ነው የምንጫወተው፣ መንገድ ላይ? ሰዉም «ድሮስ የቤት ሠራተኛና ትያትር» ይላል። ይበላ። እኔ ግን በሕይወቴ የራሴ የምለው ነገር ሠርቼ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። አልተወውም።

ማዳም አቢር አንድ ጀለቢያ አቃጠልሽ አለችኝ። እውነቷን ነው።

ነሐሴ 22

ባሕሪ ሄድኩ፣ መሪማ ቤት። ሙአየድን አስቀምጬ ጠየቅኩት። አንቺ ለሴት እንደሚባል አታውቅም?

«አውቃለሁ። ግን እናቴ ስትወደኝ ‹ነይ የኔ እናት፣ ብይ› ነው የምትለኝ። ስትቆጣ ‹አንተ› ትለኛለች። ታዲያ ትልቅ ሰውን እንዴት አንተ ልበል? ስድብ አይደል?»

መሪማ በተከናነበችው ቶብ ጫፍ አፏን ያዘች። መሳቋ ይሁን ማልቀሷ አልገባኝም። አማርኛ የሚያወራው ከእሷ ጋር ብቻ ነው፤ ከየት ይማር? እኔስ ወሎ አይደል ያደግኩት? እናቴ ወንድሜን በቁልምጫ «ነይ» ስትለው አልነበረም እንዴ? ጢም አውጥቶም «ነይ» ይባል ነበር። እንዴት ረሳሁት…

«ያላ ተነሡ» አልኳቸው። ሦስታችንም ቡሪ፣ ጋሽ ጸጋዬ በር ላይ። መሪማ ገና ሳትቀመጥ «ጥፋቱ የእኔ ነው ጋሼ፤ በእናት ቋንቋ ነው ያከበረዎት» አለችና ሁሉንም ነገረቻቸው።

ጋሽ ጸጋዬ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«እኔንም እናቴ… ‹ጸጌ ነይ ብይ› ነበር የምትለኝ። ከወጣሁ ወዲህ አላየኋት፤ አልቀበርኳትም። እንደዚያ ብሎ የጠራኝም የለም።»

ከዚያ «ልጁ ይቆይ» አሉ። አልሃምዱሊላህ። ትንሽ ደፈር ብዬ «እንግዲያው በትያትሩም ላይ አንቺ ይበልዎት?» ብል ዓይናቸው ፈጠጠ። «በሕዝብ ፊት አይሞከርም። አንቱ ማለት ይማር። አንድ ጊዜ ቢሳሳት ከመድረኩ እወርዳለሁ።»

ነሐሴ 29

ሙአየድ መኪና ሥር ተኝቶ «አንቱ፣ አንቱ» ይላል አሉ። የሥራ ጓደኞቹ ሱዳኖቹ ስሙን «አንቱ» ብለውታል።

በልምምድ ላይ አልተሳሳተም። ግን እንደ ፊተኛው አያስቅም። ቃሉን ሲፈራ እግሩም ፈራ። ከአጥሩ እንኳ ተጠንቅቆ ነው የሚወድቀው። ምን ላድርግ?

ጳጉሜ 6

ገና ከአዳራሹ መመለሴ ነው።

ከቀትር በኋላ ሐቦቡ፣ ያ የአሸዋ ማዕበል፣ ተነሣ፣ ሰማዩ ቀላ፣ አቧራው አዳራሹ ውስጥ ገባ። ማን ይመጣል ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። መጡ። ሴቶቹ አቧራቸውን እያራገፉ፣ ከየቤቱ፣ ከየሰፈሩ፤ ወንበር አልበቃም። ተጀምሮ ብዙም ሳንሄድ መብራት ጠፋ። ሰዉ ስልኩን አውጥቶ አበራልን።

የሽምግልናው ቦታ ደረሰ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነኝ። መጋረጃው የማዳም አቢር አንሶላ ነው፣ ራሷ ናት የሰጠችኝ። ሙአየድ እጅ ነሣ። ያ ሁሉ የስልክ መብራት ዓይኑ ላይ…

«ቀኛዝማች፣ አን… አን…»

በል አውጣው አልኩ በሆዴ። አንቱ በል። አንቱ።

«አንቺን አክብሬ፣ ልጅሽን ልጠይቅሽ መጣሁ።»

ማንም አልሳቀም። ጋሽ ጸጋዬ «እወርዳለሁ» ማለታቸውን ሁሉም ሰምቷል። ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዘራው ወለሉን ሲመታ ሰማሁ፤ ተነሥተዋል። በቃ፣ ኸላስ፣ ሊወርዱ ነው።

«ነይ እስቲ ተቀመጪ» አሉት።

ዓይኔን ስከፍት ከወንበራቸው ተነሥተው ለእሱ እየለቀቁለት ነው። «ልጄን ወስደሽ የት ልታኖሪያት ነው? ደግሞ ከስተሻል። እናትሽ አታበላሽም?»

ምን እንደሆነ መጻፍ አልችልም። እልልታው፣ ሳቁ፣ ወንበር የሚደበድበው… ረሺዳ ውድነሽ መሆኗን ረስታ መድረኩ ላይ ተቀምጣ ትስቃለች። ሙአየድ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ፊቱ በራ፣ ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመው። ከአጥሩ ሁለት ጊዜ ወደቀ፤ እኔ የጻፍኩት አንድ ነው። ጋሽ ጸጋዬ እስከ መጨረሻው «አንቺ» እያሉት፣ እሱም «አንቺ» እያላቸው ጨረሱት። መሪማን ፈልጌ አየኋት። ቆማ ነበር፣ ቶቧ ከራሷ ወርዶ፣ እያለቀሰች።

ውድነሽ አልሞተችም። ተዳረች።

«ደራሲዋ ትውጣ» አሉ። አቧራ በአቧራ ሆኜ ወጣሁ። እንደዚያ ሲጨበጨብልኝ… እኔ፣ የኮምቦልቻዋ ናስራ። ኮራሁ። ከልቤ ኮራሁ፣ አላፍርበትም።

መስከረም 7፣ 2008

ጁምዓ። ጀለቢያዎቹን ተኩሼ ወጣሁ። ማዳም አቢር እንግዶች ነበሯት፣ በሩ ጋ ስደርስ ጠርታ አስተዋወቀችኝ። «ናስራ፣ ሙአሊፋ» አለቻቸው፣ ደራሲ ማለቷ ነው። ረክሻው ውስጥ ብቻዬን እየደጋገምኩት ሄድኩ። ሙአሊፋ…

ክበቡ ውስጥ ጋሽ ጸጋዬ ጋዜጣ ያነባሉ። ሙአየድ ገባ፤ ታጥቧል፣ ሸሚዙን ተኩሷል። ለካ ሳምንቱን ሙሉ ሲያጠና ነበር። ጎንበስ ብሎ፣ አንዲት ፊደል ሳይሳሳት፦

«ጋሽ ጸጋዬ፣ እንደምን ዋሉ? አንቱን ሰላም ልል ነው የመጣሁ።»

እኔ በኩራት ላጨበጭብ እጄን አንሥቼ ነበር። ጋሽ ጸጋዬ ግን ጋዜጣውን ዝቅ አድርገው አዩት፣ ፊታቸው ጥቁር አለ።

«ምን አጠፋሁ?» አሉት።