ቅቤ የነካው ብልቃጥ

ሰኞ

ኮምጣጤ ሸተተኝ። የአስፕሪኑን በርሜል ገና ስከፍተው አፍንጫዬ ነው ቀድሞ የነገረኝ። የመጋዘኑ ጣሪያ ሲያፈስ ከርሟል፤ ውሃው ክዳኑ ላይ ሲንጠባጠብ ያየ ሰው የለም። አስፕሪን እርጥበት ካገኘው ይፈርሳል፤ ሆድ የሚያቃጥል አሲድና ኮምጣጤ ይሆናል። ሆስፒታሉ ውስጥ የቀረን አስፕሪን ደግሞ ይኸው ብቻ ነው።

ለጓድ ኃላፊያችን ነገርኩት። «አስፕሪን አስፕሪን ነው፤ ይታደል» አለኝ። እኔም ግትር ነኝ። ሳልመረምር ከመድኃኒት ክፍሌ አንዲት ቅንጣት አይወጣም አልኩት። ተነጫንጮ እስከ ዓርብ ሰጠኝ።

ስወጣ አያ መኳንንት በር ላይ ጠበቁኝ። ከትክል ድንጋይ ልጃቸውን ተሸክመው የመጡ ገበሬ ናቸው። የልጅቷ መገጣጠሚያ ሁሉ አብጧል፤ በሽታው ልቧን እንዳይነካባት ሐኪሙ በየቀኑ ብዙ አስፕሪን አዞላታል። «ምነው እቴ፣ መድኃኒቱ አለ እያላችሁ ትከለክሉኛላችሁ?» አሉኝ። እስከ ዓርብ ይታገሡኝ አልኳቸው።

ማክሰኞ

ዱቄቱ ላይ ፌሪክ ክሎራይድ የሚባለውን መፈተሻ ጠብ አደረግሁበት። ሐምራዊ ሆነ። ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ግን ምን ያህል? ጥቂት ከሆነ ይሰጣል። ብዙ ከሆነ የልጅቷን ሆድ ያደማል። ቀለሙ ይህን አይናገርም።

ስዊድን፣ ኡፕሳላ ቢሆን ኖሮ! እዚያ ስማር ኤን ኤም አር የሚሉት ትልቅ የማግኔት መሣሪያ ነበረን። የምንጠረጥረውን ዱቄት እንመዝናለን፣ ንጽሕናው የታወቀ ሌላ ዱቄት እንመዝናለን፣ አንድ ላይ እናሟሟቸዋለን። መሣሪያው የሁለቱንም መስመር ወረቀት ላይ ይሥላል፤ እኛ አንዱን በሌላው እንለካለን። «ማግኔቱ ብቻውን ምንም አያውቅም፤ የምታምኚውን ነገር ከጎኑ አስቀምጪለት» ይለኝ ነበር እሱ። እሱ ማለት አብሮኝ ለትምህርት የተላከው የቀሐ ሰፈር ልጅ ነው። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ ዘመኑ ወረቀት የሚታመንበት አይደለም። ከእኔ ቀድሞ አገሩ ገባ። በቀይ ሽብሩ ጊዜ ከፒያሳ ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ።

እዚህ ያለኝ ኮስቲክ ሶዳና ቡሬት፣ ጠብታ የሚለካው የመስታወት ቱቦ፣ ነው። የተበላሸ አስፕሪን ከጤነኛው የበለጠ ሶዳ ይጠጣል፤ በዚያ ልለካው እችላለሁ። ሶዳው ራሱ ግን አየር ሲነካው ጉልበቱ ይለዋወጣል፤ እሱንም በሚታመን ነገር መለካት አለብኝ። የሚታመን ነገር አንድ ብቻ አለኝ፤ ቤት ሳጥኔ ውስጥ ያለው የቤንዞይክ አሲድ ዱቄት ብልቃጥ። እሱ ያጠራው፣ በማግኔቱ አብረን የለካነው፣ ስንለያይ የሰጠኝ። «አገራችን ማግኔት የለም፤ ይህን ያዢ» ነበር ያለኝ። ከእሱ የቀረኝ ይኸው ነው። ለበርሜል አስፕሪን ልጨርሰው?

ረቡዕ

ልጨርሰው ብዬ ቆርጬ ተነሣሁ። ብልቃጡን ከፈትኩት።

ቅቤ! በዚያ በረዶ በመሰለ ዱቄት ላይ የቅቤ ጣት።

እናቴን ጠራኋት። «ለቆረቆር ይሆናል ብለሽኝ አልነበር? ለአንድ ሕፃን በለጋ ቅቤ ለውሼ ቀባሁለት። ሸጋ አድርጎለታል» አለችኝ፤ ምስጋና የምትጠብቅ ትመስላለች። እውነቷን ነው፣ ብያታለሁ። ጮህኩባት። ለማን እንደቀባችው እንኳ አልጠየቅኋትም። ከዚያ ብልቃጡን ይዤ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ሐሙስ

ከእናቴ ጋር ተኳርፈናል።

ብልቃጡን ሥራ ቦታ ወሰድኩትና እንደገና አጠራሁት። በፈላ የተጣራ ውሃ አሟሟሁት፣ እንደጋለ ውሃ ባራሰው ማጣሪያ ወረቀት አሳለፍኩት። ቅቤው ወረቀቱ ላይ ቀረ። እንፋሎቱ ጉሮሮዬን ከረከረኝ፤ ሳልኩ። እሱም እንዲሁ ይስል ነበር፤ እየሳለ ይዘፍናል፣ ያውም በዚያ ለዘፈን ባልተፈጠረ ድምፁ። ስዊድኖቹ በሩን ይዘጉብን ነበር።

ውሃው እየቀዘቀዘ ሲሄድ ቀጫጭን ነጫጭ መርፌዎች ብቅ ብቅ አሉ። «አትነካኪው፣ አትቸኩዪ» ይለኝ ነበር እዚህ ላይ ስንደርስ። እጄን ጋዋኔ ኪስ ከትቼ ጠበቅሁ። ናፈቀኝ። ስንት ዘመን ስሸሸው የኖርኩት ናፍቆት በአንድ ብርጭቆ ውሃ መጣብኝ።

ጭንቀቴ፦ መጥራቱን በምን አውቃለሁ? ያለኝ ሙቀት መለኪያ ነው። ንጹህ ከሆነ መቶ ሃያ ሁለት ዲግሪ ላይ ባንዴ ይቀልጣል። ቅቤ ከቀረበት ቀድሞ ይልፈሰፈሳል። እስኪደርቅ መጠበቅ ነው።

ዓርብ

ባንዴ ቀለጠ! እዚያው ላይ! ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ሶዳውን በእሱ ለካሁ፣ አስፕሪኑን በሶዳው። ከበርሜሉ አፍ፣ ከመሃሉ፣ ከታቹ። የላዩ ሶዳውን ቢጠጣ ቢጠጣ አይጠግብም። መሃሉም ተነክቷል፤ ሁለቱም ይጣላሉ። የታቹ ጤነኛ ነው። ጓድ ኃላፊው ፊቱን አጨፈገገ፣ ግን ፈረመ። የልጅቷን ድርሻ ራሴ መዝኜ ጠቀለልኩላት። አያ መኳንንት «እግዜር ይስጥሽ፣ እቴ» ብለው በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ትድን አትድን አላውቅም። የያዙት ግን መድኃኒት ነው።

ቤት ስገባ እናቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። ጉልበቷን ስሜ ይቅርታ ጠየቅኋት። ለማን እንደቀባችውም ጠየቅሁ።

«ለእሱ እህት ልጅ» አለችኝ። «ቀሐ ወርጄ። የእሱ እጅ ያለበት ነገር ለሥጋው ቢሆን ምናለ ብዬ ነዋ። ለልጁም የእሱን ስም ነው ያወጡለት። አናቱ ላይ ቆረቆሯ ትንሽ ቀርታዋለች።»

እሱ ከተወሰደ ወዲህ የእነዚያን ሰዎች ደጅ ረግጬ አላውቅም። መጀመሪያ ፈርቼ፣ ኋላ አፍሬ።

ብልቃጡ ውስጥ የቀረችውን ከቫዝሊን ጋር ለወስኳት። ነገ ይዤላቸው እወርዳለሁ። እናቴንም አብረሽኝ ውረጂ ብያታለሁ፤ ልጁን በስሙ ለመጥራት ብቻዬን አቅም ያለኝ አይመስለኝም።