ነጩ አንሶላና ቢጫው ልጅ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7

ዝናብ። ከተማችን ናንዳይሜ በሙሉ እንደ ረጠበ ካልሲ ይሸታል። ስቱዲዮው ባዶ... ከጠዋት ጀምሮ የመጡት ፀጉር አስተካካዩ ዶን ኤበርቶ ብቻ ናቸው፣ ለመታወቂያ ፎቶ። ሥራ ሲጠፋ ደግሞ የኔ እጅ አርፎ አይቀመጥም።

ካሜራው ላይ የአምፖል ሥዕል ያለባት ምርጫ አለች። የተሠራችው ለቢጫ አምፖል ነው። በቀን ብርሃን ካነሱባት ሰው ሁሉ ሰማያዊ ይወጣል። ዶን ኤበርቶን በሷ አነሳኋቸው። ጆሯቸው ሰማያዊ፣ ከንፈራቸው ሐምራዊ።

«ይሄ እኔ ነኝ ወይስ ከሐይቅ የወጣ ሬሳ?»

«ዶን ኤበርቶ፣ ካሜራ ያየውን ነው የሚያወጣው» አልኳቸው። ሳቄን ለመያዝ ምላሴን ነከስኩ፤ አሁንም ያመኛል።

አጎቴ ኤቬኖር ከጓሮ ሮጦ መጣ። ስቱዲዮው የሱ ነው፤ ትምህርት ካቋረጥኩ ወዲህ እኔም የሱ ሠራተኛ ነኝ። ይቅርታ ጠየቃቸው፣ እንደገና አነሳቸው፣ ሸኛቸው። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

«ዳኔሊያ! ባለፈው የቤዝቦል ቡድኑን በሙሉ ብርቱካን አደረግሽው። ዛሬ ደግሞ ሰውዬውን አሰጠምሻቸው። ነገ ማንን ልትቀቢ ነው? ቄሱን?»

(ስለ ቄሱ አላሰብኩም ነበር። ጥሩ ሐሳብ ነው።)

ቅጣቴ፦ ከዛሬ ጀምሮ ከማንኛውም ፎቶ በፊት ነጭ ነገር አንስቼ፣ ነጭ ማለት ይሄ ነው ብዬ ለካሜራው ማስተማር። «ካሜራ ደደብ ነው» አለ አጎቴ። «ነጩ የቱ እንደሆነ ካልነገርሽው አያውቅም። አንዴ ከነገርሽው ግን አይዋሽም።»

ግማሹ እኔን ይመስላል... የመጀመሪያው ግማሽ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9

እህቴ ያሚሌት ትናንት ከሆስፒታል ወጣች። ወንድ! ኦክታቪዮ። ያረፈችው አማቷ ዶኛ መልባ ቤት ነው።

አርባ ቀን ከክፍሏ አትወጣም። መስኮቱ ተዘግቷል፣ ወፍራም መጋረጃ ተጋርዶበታል። ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ፣ ራሷ ላይ ሻሽ፣ እግሯ ላይ ካልሲ። በዚህ ወበቅ!

«ወደ ጨረቃ ነው የምትሄጂው?» አልኳት።

«ምን አልሽ? ጥጥ አለብኝ።» ልቧ እያወቀ።

ልጁን በቅጡ አላየሁትም። አንዲት ደካማ አምፖል ናት ያለችው። በሷ ብርሃን ዶኛ መልባም ቢጫ፣ ግድግዳውም ቢጫ፣ የዶሮ ሾርባውም ቢጫ። የሆስፒታሉ ነርስ ልጁን ከሁለት ቀን በኋላ መልሳችሁ አምጡት ብላለች። ዶኛ መልባ «በዚህ ዝናብ? ንፋስ እንዲመታው?» አሉ። ቀረ።

የያሚሌት ባል ማርቪን ኮስታ ሪካ ግንባታ ላይ ነው። ልጁን አላየውም። ፎቶ ላኩልኝ እያለ ስልኩን ሊያቃጥለው ነው።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 10

ያሚሌት በስልኳ አንስታ ላከችለት። ማርቪን ምን ብሎ መለሰ? «ይሄ ልጄ ነው ወይስ በቅጠል የተጠቀለለ ናካታማል?»

እውነቱን ነው። እኔም ብሆን ከቡና ጋር ነበር የምበላው። ዶኛ መልባ ተቆጡና ትልቁ ካሜራ ይምጣ አሉ። አጎቴ ነገ ሠርግ አለበት። የምሄደው እኔ ነኝ።

«ቀልድ የለም» አለኝ።

«የለም» አልኩት። ከልቤ ነው።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 11

ተባረርኩ! ባልሠራሁት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ንጹሕ ሆኜ ማንም አላመነኝም።

ክፍሉ የጆንያ ውስጥ ነው የሚመስለው። «መጋረጃውን ትንሽ ብንገልጠው?» «ንፋስ!» «እሺ ፍላሽስ?» «ዓይኑን ልታጠፊው?» እሺ... አይኤስኦውን፣ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት ማለት ነው፣ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ አስገባሁት። በጨለማ ማየት ጀመረ። ግን አሸዋ ነሰነሰበት፤ የልጁ ፊት ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆነ። ለማርቪን አሸዋ ልላክለት? እሱ ጋ በጋሪ ሙሉ አለ።

ወደ አንድ መቶ አወረድኩት። አሸዋው ጠፋ። ካሜራውን በርጩማ ላይ አስቀምጬ ለአንድ ሙሉ ሴኮንድ ክፍት አደረግኩት፤ ብርሃን ቀስ ብሎ እንዲጠጣ። በዚህ አካሄድ የሚነሳው ነገር ከተነቃነቀ አለቀ፣ ጭስ ይሆናል። ኦክታቪዮ ግን ንቅንቅ አላለም። ጎበዝ።

ነጩንም አሳይቼዋለሁ! የያሚሌትን አንሶላ። እምላለሁ። ማስታወሻዬን ማን ያነበዋል ብዬ እዋሻለሁ?

ወጣ። አንሶላው ነጭ። ያሚሌት ራሷ ያሚሌት፣ ቡናማ፣ ነጭናጫ። የልጁ ሽፋሽፍት ሳይቀር ይቆጠራል። ብቻ... ልጁ ዱባ ነው። የበሰለ ዱባ።

ዶኛ መልባ ካሜራውን ነጠቁኝ።

«አንቺ ባለጌ! የልጄን በኩር ዱባ አደረግሽው?»

«ዶኛ መልባ፣ እናቴ ትሙት...»

«ኤበርቶንም እናትሽ ትሙት እያልሽ ነው ያሰጠምሻቸው!»

ያሚሌት ሳቀች፣ የደከመ ሳቅ። «ዳኒ፣ ለማርቪን እንኳን ብታዝኚ ምናለ?»

«ምንም አልነካሁም! ልጁ ራሱ ምን ይመስላል? አያችሁት?»

«የልጅ ልጄ መልአክ ነው» አሉ ዶኛ መልባ። «አያለቅስ፣ አይረብሽ። ለመጥባት እንኳን በስንት መከራ ነው የምንቀሰቅሰው። ይልቅ ውጪልኝ።»

ካሜራውን አስታቀፉኝና በሩን ዘጉት። ዝናቡ ላይ ቆሜ ምስሉን ደግሜ አየሁት። የት ላይ ነው የተሳሳትኩት?

እሑድ፣ ኦክቶበር 12

ብዙ ነገር ሆኗል። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት አጎቴ ኮምፒውተር ላይ ሊያስተካክለው ሞከረ። ቢጫውን ቀነስ ቀነስ... ልጁ የሰው ልጅ ሲመስል አንሶላው ሰማያዊ ሆነ፣ ያሚሌት ዶን ኤበርቶን መሰለች። አንሶላውን ወደ ነጭ ሲመልሰው ልጁ ዱባ። ወደዚህ ዱባ፣ ወደዚያ ሬሳ። ሁለቱን አንድ ላይ ማዳን አልተቻለም።

«በስንት ነው ያነሳሽው?»

«አይኤስኦ አንድ መቶ፣ አንድ ሴኮንድ።»

«አንድ ሴኮንድ ሙሉ?» ምስሉን አጎላው። ጣቶቹን አየ፣ አፉን አየ። «ተኝቶ ነበር?»

«ዓይኑ ገርበብ ብሏል፣ ይኸው።»

አጎቴ ከኔ መወለድ በፊት ጀምሮ ሕፃን ያነሳል። በክርስትናው፣ በልደቱ። «አራስ ልጅ ነቅቶ አንድ ሴኮንድ አይቆምም» አለ። «እጁ ይሄዳል፣ እግሩ ይሄዳል፣ አፉ ይሄዳል።»

ከዚያ በጣቱ አንሶላውን ነካ። «ነጭ ነው» አለ።

ካሜራው አልዋሸም ማለት ነው። ካሜራውን በፌስታል ጠቅልዬ ሮጥኩ።

ዶኛ መልባ በሩን የከፈቱት ለአንድ ዓይን ብቻ ነው። «ዛሬ ደግሞ አረንጓዴ ልታደርጊው መጣሽ?»

«እኔ አልነካም። እርስዎ ያንሱት።» ካሜራውን ሰጥቻቸው እጆቼን ከኋላዬ አጣመርኩ፣ እንደ ተያዘ ሌባ። «መጀመሪያ አንሶላውን። ከዚያ ልጁን፣ ከእጅዎ ጋር። የርስዎንም እጅ ቢጫ ካደረገው ጥፋቱ የኔ ነው። ዶን ኤበርቶ ፀጉሬን ይላጩኝ።»

ይቺን ወደዷት። ተላጭቼ ማየት ምኞታቸው ነው።

የቱ ጋ እንደሚጫን በአገጬ እያሳየኋቸው አነሱ። መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ። አዩ... የራሳቸው እጅ ነው፤ ቡናማ፣ ቀለበቱ ወርቅ፣ በዘይት የተቃጠለችው ጠባሳ ሳትቀር። ሥሩ የልጁ እግር አለ። ቢጫ።

«እኔ ነኝ ያነሳሁት» አሉ ቀስ ብለው። ለማን እንደሆነ አላውቅም።

ያሚሌት ተነሳች። ከነሻሹ፣ ከነጥጡ፣ ከነካልሲው። መጋረጃውን ጎትታ ገለጠችው፣ መስኮቱን ከፈተችው። የዝናብ ቀን ብርሃን ገባ። የልጁን ዓይን በጣቷ ከፈት አደረገች። የዓይኑ ነጭ ነጭ አልነበረም።

ስለ ንፋስ የተናገረ የለም። ዶኛ መልባ ነጠላ ጫማቸውን ግራና ቀኝ አዟዙረው አጥልቀው ባጃጅ ሊያስቆሙ ከኔ ቀድመው ወጡ። የቆመው ሾፌር ከብርቱካኖቹ ቤዝቦል ተጫዋቾች አንዱ ሆኖ አረፈው! «አንቺን እንኳን አልጭንም» ሊል አፉን ከፈተ። ያሚሌትን አየ። ልጁን አየ። አፉን ዘግቶ ነዳው።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 13

ሆስፒታል ነን። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ቀስ ብላ ታወራለች። ብዙ አራስ ትንሽ ቢጫ ይሆንና ይተወዋል አለች። የኦክታቪዮ ግን በደሙ ውስጥ በዝቷል። ከዚህ ካለፈ ጭንቅላቱን ይነካል፣ እዚያ ከደረሰ ወዲያ መመለስ የለም። ስለሚያንቀላፋ አይጠባም፣ ስለማይጠባ ደግሞ ይብስበታል።

«ትናንት ማምጣታችሁ በጀ» አለች። ያሚሌት «ዛሬ ብናመጣው ኖሮስ?» ብላ ጠየቀቻት። ሐኪሟ ወረቀቷን አየች።

በዳይፐር ብቻ አስተኝተውታል። ዓይኑን ሸፍነውታል። ከላዩ መብራት አለ፣ ሰማያዊ።

ሰማያዊ! ሰው ሁሉ በሰማያዊ ሲሰድበኝ ኖሮ... የሱ መድኃኒት ሰማያዊ ብርሃን ሆነ። እዚህ ላይ የሚሆን ቀልድ ነበረኝ። አልመጣልኝም።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

በደሙ ያለው የቢጫው ቁጥር አልወረደም። ዶኛ መልባ መቁጠሪያቸውን ይዘው ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠዋል። ሳልፍ እጄን ጨበጥ አድርገው ለቀቁኝ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 15

ወረደ! ጥቂት ነው፣ ግን ወርዷል። ደግሞ ጠባ። ያሚሌትም ከሁለት ቀን በኋላ በላች፤ የኔን የቶርቲያ ቂጣ ነጥቃ።

ነርሷን አስፈቅጄ በስልክ አነሳሁት። ልጁ ሰማያዊ፣ ዳይፐሩ ሰማያዊ፣ የነርሷ ጓንት ሰማያዊ። እዚህ ነጭ ወረቀት ይዞ ካሜራን ለማስተማር መሞከር ልፋት ነው፤ ከሰማያዊ በስተቀር የሚታይ ነገር የለም። እንዳለ ተውኩትና ለማርቪን ላክሁለት።

ደወለ። ድምፁ ደርቋል። «ዳኒ፣ ይሄ ያንቺ ሥራ ነው?»

«አይደለም። መብራቱ ነው። እንደዚያ ነው ያለው።»

«እሺ» አለ።

እሺ አለኝ! አንድም ጥያቄ ሳይጨምር። ስልኩን ዘግቼ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። መታመን ደስ አይልም፣ ከባድ ነው... ደስም ይላል።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 17

ሰፈሩ ተበላሸ። ወሬው ደርሷል። ጠዋት ስቱዲዮውን ስከፍት ዶን ኤበርቶ ነጭ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጥለው በር ላይ ይጠብቁኛል።

«ጉበቴን እዪልኝ» አሉ።

«ዶን ኤበርቶ፣ ካሜራ ነው፣ ሆስፒታል አይደለም።»

«አንሺ ዝም ብለሽ!»

ፎጣውን ለካሜራው አሳየሁ፣ አነሳኋቸው። ትንሽ አረንጓዴ ላደርጋቸው እጄ በላኝ፤ አንዲት ቁልፍ ነበረች የቀረችኝ። «የራስዎ ቀለም ነው» አልኳቸው። ቅር አላቸው መሰለኝ። ከኋላቸው ዳቦ ሻጯ፣ ከሷ ኋላ ከብርቱካኖቹ ሁለቱ...

አጎቴ ጥግ ላይ ቆሞ ይስቃል። ጠላት።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18

ገቡ! ኦክታቪዮ ቤቱ ነው። ዓይኑ ነጭ ነው፣ ነጩ ማለቴ ነው። ሰኞ ለምርመራ ይመለሳል፤ ዶኛ መልባ ከአሁኑ ባጃጁን አነጋግረዋል፣ ቢዘንብም ባይዘንብም።

መጋረጃው በአንድ ክንድ ተገልጧል። መስኮቱ አሁንም ዝግ ነው። የያሚሌት ጥጥም ጆሮዋ ውስጥ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ቀን አይለቁላትም።

ካሜራውን አመጣሁ። አንሶላውን ማንም ሳይጠይቃቸው ዶኛ መልባ ራሳቸው ዘርግተው ያዙልኝ። «ይሄ ነው ነጭ፣ ንገሪው» አሉ። ነገርኩት። አይኤስኦውን ሦስት ሺህ ሁለት መቶ አድርጌ አነሳሁ፤ አሸዋ ያለበት፣ ግን ቡናማ ልጅ፣ አፉን ከፍቶ የሚጮህ። ለማርቪን የሚላከው እሱ ነው።

ከዚያ አንድ ነገር አማረኝ። ያንኑ በርጩማ ሳብኩ። አይኤስኦ አንድ መቶ፣ አንድ ሴኮንድ። እንደዚያኛው ቅዳሜ።

ጉድ ሆኖ ወጣ። አንሶላው ጥርት ብሎ ይታያል፣ እላዩ ላይ ጭስ አለ። እግሩ አምስት ነው፣ ፊት የለውም፣ እጁ የት እንዳለ እንጃ፤ አንድ ሴኮንድ አልቆመማ።

«አንቺ ደግሞ!» አለች ያሚሌት ጠጋ ብላ ስታየው። «ይሄንን አጥፊው።»

«ማንም አያጠፋውም» አሉ ዶኛ መልባ። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት። «በትልቁ አጥቢልኝ። ከአልጋው በላይ የሚሰቀል።»

አጎቴ ሲያየው ምን እንደሚል አውቃለሁ። ከስቱዲዮው ከወጡት ሁሉ የከፋ ፎቶ ነው። ሁለት አጠብኩ፣ አንዱ የኔ ነው።