«አገልግሎት ላይ ነው» ባልነው ጉድጓድ ውስጥ ስላረፉት የፓምፕ ባለሙያችን

ለጽሕፈት ቤታችን ሠራተኞች፣ ለአጋር ድርጅቶችና ለሕዝብ በሙሉ

የውሃ ሥራዎችና መልሶ ግንባታ ጽሕፈት ቤታችን፣ ሁላችንም «ጋሽ ፒንሳ» እያልን የምንጠራቸው አንጋፋ የፓምፕ ጥገና ባለሙያ ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ማረፋቸውን የሚገልጸው በጥልቅ ሐዘንና በኀፍረት ነው። ሕይወታቸው ያለፈው የጦርነት ተፈናቃዮች ተመልሰው በሰፈሩበት መንደር የውሃ ጉድጓድ ሲጠግኑ ግድግዳው ተደርምሶባቸው ነው። ጉድጓዱ በሪፖርታችን «ተጠናቆ አገልግሎት ላይ ያለ» ተብሎ ተመዝግቦ ነበር።

ጋሽ ፒንሳ ከጦርነቱ ሰባት ዓመት ቀደም ብለው በመጋዘን ጠባቂነት ተቀጠሩ። ሙያውን የተማሩት የተጣሉ ፓምፖችን እየፈቱ፣ እየገጠሙ ነው። በጦርነቱ ቢሮው ሲዘጋ የመለዋወጫ ሣጥኖቹን በቤታቸው ሸሽገው አቆዩ። ሰላም በወረደ በሦስተኛው ወር የከተማችን ሆስፒታል ውሃ ያገኘው በእነዚያ ዕቃዎች ነው።

በሁለተኛው የሰላም ዓመት አገራችን ዓለም አቀፉን የልማት ግብ ተቀብላ ንጹሕ ውሃ ለሁሉም ለማዳረስ ቃል ስትገባ፣ የተተከሉት ሁለት መቶ አሥር የእጅ ፓምፖች መሥራታቸውን እንዲያረጋግጡ እርሳቸው ተላኩ። አራት ወር በእግርም በጭነት መኪናም ዞረው ሰማንያ አንዱ ውሃ እንደማይሰጡ ጽፈው መጡ። በስብሰባ ላይ የዕቅድ ኃላፊያችን «ጋሽ ፒንሳ፣ ፓምፖቹ ተተክለዋል አይደል? ለግቡ የሚቆጠረው እሱ ነው። ይፈርሙና እንገላገል» አሏቸው።

እርሳቸውም «እጀታው ይወርዳል፣ ይወጣል። ሰው ግን እጀታ አይጠጣም» ሲሉ መለሱ።

ሳቅን። ከዚያም የእርሳቸውን ዝርዝር መሳቢያ ውስጥ ቆልፈን፣ ሁሉም ፓምፖች አገልግሎት ላይ ናቸው በሚለው ሪፖርት ላይ ሰባታችን ፈረምን፤ እርሳቸው አልፈረሙም። ሪፖርቱ በዓለም አቀፍ ጉባኤ ሲቀርብ ተጨበጨበልን። በወሩ እርሳቸው ወደ መዝገብ ቤት ተዛወሩ።

ላለፉት ሦስት ዓመታት በዓመት ፈቃድ መጠየቂያቸው ላይ «የቤት ጉዳይ» እያሉ ይሞሉ ነበር። በዚያ ፈቃድ ከሰማንያ አንዱ ፓምፖች አሥራ ዘጠኙን መጠገናቸውን ያወቅነው፣ የመንደሩ ሰዎች አፈሩን በእጃቸው ዝቀው አስከሬናቸውን ካወጡ በኋላ ነው።

ለቅሶ ልንደርስ ሄደን ሐውልት ልናቆምላቸው ማሰባችንን ስንገልጽ፣ ባለቤታቸው «ድንጋዩ ይቅር። ያን የደበቃችሁበትን ወረቀት አውጡለት» አሉን። አንገታችንን ደፍተን ወጣን።

ሪፖርታችን ከትናንት ጀምሮ ተሰርዟል። የእርሳቸው ዝርዝር በእጅ ጽሑፋቸው እንዳለ በበራችን ላይ ተለጥፏል። የፈረምነው ሰባት ሰዎችም ለአጣሪዎች ቃላችንን ሰጥተናል። ስልሳ ሁለቱ ፓምፖች ዛሬም ውሃ የላቸውም፤ ጥገናው ሰኞ ይጀመራል።

ለባለቤታቸው፣ ለሁለቱ ሴት ልጆቻቸውና ለመዝገብ ቤት ባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። ለመንደሩ ነዋሪዎች ግን «ሐዘናችሁ ሐዘናችን ነው» የምንልበት አፍ የለንም። እናንተ የቀበራችሁት ሊያጠጣችሁ የመጣውን ሰው ነው፤ እኛ ውሃ ጠጥታችኋል ብለን የፈረምን ነን።