ዘይነባን ለማስቀረት የቆምንበት ሳምንት

ሰኞ፣ ጥቅምት 11፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት

ልጆቹ ወጡ። ሦስቱም። በሩን ቀስ አድርገው ነው የሚዘጉት፣ የተኛሁ መስሏቸው። የእንጅባራ ብርድ ያስተኛል እንዴ!

ደብተሬ፣ ላንተ ካልነገርኩ ለማን። ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎ ነበር። ጓዳዋን ለፋብሪካ ልጆች ካከራየሁ ግን ሳቅ በሳቅ ነው። ዘይነባ ከጫግኒ ቆላ፣ ትርንጎና እህቷ ስንቄ ከዳንግላ ገጠር። አንድ ፍራሽ ለሦስት። ለውጭ አገር የሚሄድ ሸሚዝ ይሰፋሉ። ዘይነባ አንገትጌ ብቻ። ቀኑን ሙሉ አንገትጌ።

ያው ሰኞ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል

ዘይነባ ዓረብ አገር ልትሄድ ነው። ደላላ አናግራለች። ደመወዙ ኪራይና ሽሮ ሆኖ ያልቃል፣ ለእናቷ የምትልከው አይተርፍም። ቅዳሜ ትሄዳለች። እሺ አልኩ። ምን አገባኝ።

አገባኝ እንጂ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ጎረቤቶቼን አያ ተሰማንና አያ በላይን ይዤ ፋብሪካ ሄድኩ። በጋቢ፣ በበትር። ሥራ አስኪያጁ ፈረንጅ ነው፣ አስተርጓሚው የባሕር ዳር ልጅ። ተቀመጡ ተባልን። እምቢ። ሽማግሌ ጉዳዩ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ፈረንጁ ይሄን ወግ ሰምቶት ኖሯል። ሳቅ ብሎ፣ የትኛዋን ልጅ ለማን ነው የምትጠይቁት ብሎ አስጠየቀ። አያ ተሰማ ጢሙን አሻሸ። «ጥርስ ቢኖረኝ አንዷን ለራሴ እል ነበር!» አፈርኩበት።

የደመወዝ ነገር ነው፣ ቤቴ የተከራዩት ልጆች አልበቃቸውም አልኩ። ፈረንጁ ሳቁን ተወ። አስተርጓሚው አንገቱን ደፍቶ ነገረን፤ ብጨምርም አከራይ ይወስደዋል ይላል፣ እርስዎስ ዘንድሮ ኪራይ ስንቴ ጨመሩ ይላል።

ሁለቴ። ለእንቁጣጣሽ አንዴ፣ ለመስቀል አንዴ።

በትሬን ይዤ ቀድሜ ወደ በሩ ዞርኩ። እኔ! ወጣን። አያ በላይ መንገድ ላይ፣ «አንተም ከሱ አትሻል፣ ፋብሪካ የለህም እንጂ» አለኝ። በትሬን አነሳሁበት። እየሳቀ ሸሸ። እውነቱን ነው፣ ግን አልነገርኩትም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14፣ ጠዋት

ዘይነባ ሰምታ ተቆጣች። «አባባ፣ ማን ላከዎ? ሥራችንን ቢያሳጡንስ?» የማንንም ስም አልጠራሁም አልኳት። ኪራዩንም ወደ አምናው መልሼዋለሁ አልኩ። ምጽዋት አልፈልግም አለች። ምጽዋት አይደለም፣ ጥፋቴን ነው የምመልሰው አልኩ። እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። አፍጥጣ አየችኝ።

ከሰዓት

ሰፈሩን ዞርኩ። አያ ተሰማንና አያ በላይን ጨምሮ ከእኔ ጋር ሰባት አከራይ። እስከ ዓመት ላንጨምር ቃል ተገባባን። ወ/ሮ አትጠገብ አሻፈረኝ አለች። በሯ ላይ ቆምን። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ሰው ሁሉ እያየን አለፈ። «ኧረ ግቡ፣ ሰው የሞተብኝ አስመሰላችሁት!» ብላ እሺ አለች።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ሰባታችንም ፋብሪካ ሄድን። ወ/ሮ አትጠገብ ጭምር። ቃላችንን ተናገርኩ። ፈረንጁ ወንበር አስመጣ። አንቀመጥም። እሱም ተነሳ፣ አብሮን ቆመ። ብዙ ቆምን። አያ ተሰማን በክንዱ ደገፍኩት።

በመጨረሻ፤ ከሰኞ ጀምሮ ምሳ ከፋብሪካው። የደመወዙን ነገር ባለቤቶቹን ጠይቆ በወር ውስጥ ይመልስልናል። እሺው ግማሽ ነው። እንቀመጥ አንቀመጥ ተያየን። አያ ተሰማ፣ «በግማሽ ቂጥ እንቀመጣ!» አለ። ጫፍ ጫፉ ላይ ተቀመጥን። አስተርጓሚው መተርጎም አቅቶት በሳቅ ሞተ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16፣ ከሰዓት

የዘይነባ ሻንጣ በር ላይ። ደላላው በባጃጅ መጣ። ወጥታ አናገረችው። ምን እንዳለችው አልሰማሁም። ባጃጁ ባዶውን ዞረ።

ገብታ ፊቴ ቆመች። «አባባ፣ አንድ ወር እጠብቃለሁ። መልሱ ካልመጣ ግን ፈረንጁ ፊት እኔው ራሴ ነኝ የምቆም። እናንተ ከኋላ።» ትርንጎና ስንቄ እልል አሉ። እኔ በጎቹን ልይ ብዬ ወጣሁ። በግ የለኝም።

ደብተሬ፣ ሰው ቀድሞኝ ከፊት ቆሞ አያውቅም። ወሰንኩ፤ ወሩ ሲሞላ ከኋላዋ እቆማለሁ።